ፖርቶ ሪኮ በትንሽ ወጪ፦ ባህሩ የሕዝብ ነው

አሜሪካ ለምንኖር ሐበሾች ካሪቢያን የሚለው ስም ገና ሲጠራ ኪስ ያስፈራል። ቪዛው፣ ፓስፖርቱ፣ ሆቴሉ እያልን እንተወዋለን። እዚህ ሜሪላንድ የማውቃቸው ብዙ ሰዎች አገር ቤት ለመሄድ ካልሆነ በቀር አውሮፕላን ላይ አይወጡም። ፖርቶ ሪኮ ግን የአሜሪካ ግዛት ናት። በረራው እንደ አገር ውስጥ በረራ ነው የሚቆጠረው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ቪዛም ፓስፖርትም አይጠየቅም። ካርዱን ብቻ ከእጃችሁ እንዳትለዩት፤ ስትመለሱ ዋና ከተማዋ ሳን ሁዋን ባለው አየር ማረፊያ ላይ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። ከባልቲሞር በቀጥታ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ገንዘቡ ዶላር ነው፣ ስልኬም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሠርቶልኛል።

የሄድኩት ከአክስቴ ልጅ ጋር ነው። ከመነሳታችን በፊት የተስማማነው አንድ ነገር ነበር፤ ለትኬትና ለማደሪያ እንከፍላለን፣ ከዚያ በኋላ ያለውን በተቻለ መጠን በነፃ እናያለን።

ጊዜ መምረጥ ብዙ ይቆጥባል። ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ሰሜኑ ሁሉ ብርዱን ሸሽቶ ስለሚወርድ ዋጋው ይሰቀላል። ከጁን መጀመሪያ እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ደግሞ የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው። እኛ ከሁለቱ መካከል ያለውን ሜይን መረጥን። ሳን ሁዋን ውስጥ ሳንቱርሴ በሚባለው ሰፈር ማዕድ ቤት ያለው ክፍል ተከራየን። ትልልቆቹ ሆቴሎች ካሉበት ከኮንዳዶ በእግር የሚደረስ ነው፣ ዋጋው ግን አይገናኝም። ሆቴል የምትይዙ ከሆነ ሪዞርት ፊ የሚሉትን ጭማሪ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሱፐርማርኬት ርካሽ ይሆናል ብላችሁ ግን አትጠብቁ። አብዛኛው ምግብ በመርከብ ነው የሚመጣው። የሽያጭ ታክሱም በአብዛኛው ዕቃ ላይ 11.5 በመቶ ነው። በርበሬና ሽሮ ከቤት ይዘን መሄዳችን በጣም ጠቅሞናል።

አሁን ወደ ባህሩ ልሂድ። በፖርቶ ሪኮ ሕግ ባህር ዳርቻ የሕዝብ ንብረት ነው። ሆቴል ወንበርና ጃንጥላ ማከራየት ይችላል፣ አሸዋው የኔ ነው ብሎ ግን ሰው ማባረር አይችልም። የአገሩ ሰው ይህን በደንብ ያውቃል። እሁድ እሁድ በረዶ የሞላ ሳጥኑን፣ ወንበሩንና አያቱን ይዞ መጥቶ ውድ የሚባለው ሆቴል ፊት ለፊት ይዘረጋል። መብቱ ሲነካም ዝም አይልም። እ.ኤ.አ. በ2021 ሪንኮን በምትባል ከተማ አንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ባህሩ ጠርዝ ላይ መዋኛ ገንዳ መልሶ ሊገነባ ሲል ሰዉ ድንኳን ተክሎ ተቃውሟል። መፈክሩ «ላስ ፕላያስ ሶን ዴል ፑዌብሎ» ነው፤ ባህር ዳርቻው የሕዝብ ነው ማለት ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ፎጣዬን የትም ሳነጥፍ ተሸማቅቄ አላውቅም።

ከሁሉም የወደድኩት ኤስካምብሮን የሚባለውን ነው። ከኮንዳዶ ወደ አሮጌው ከተማ ስትሄዱ በስተቀኝ ታገኙታላችሁ። ከፊት ያለው የድንጋይ ሰንሰለት ማዕበሉን ስለሚሰብረው ውስጡ ጸጥ ያለ ነው። ብዙዎቻችን ዋና ሳንማር ነው ያደግነው፤ ለእኛ ዓይነቱ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ርካሽ የዋና መነጽር አድርጌ እስከ ደረቴ በሚደርስ ውኃ ውስጥ አጎነበስኩ። ጥቁርና ቢጫ መስመር ያላቸው ትንንሽ ዓሦች ድንጋዩን እየዞሩ ይለቅማሉ። እጄን ስዘረጋ ትንሽ ፈቀቅ ብለው ይመለሳሉ። የአክስቴ ልጅ ከውኃው አልወጣም ብላ እዚያው ከሰዓቱን ሙሉ ዋለች። ኮንዳዶ ፊት ለፊት ያለው ክፍት ባህር ግን ሌላ ነው። ሰውን ወደ ውስጥ የሚጎትት ሞገድ አለው፣ በየጊዜውም ሰው ይሞታል። ቀይ ባንዲራ ካያችሁ እግራችሁንም አታስገቡ።

አሮጌው ሳን ሁዋን የእግር ከተማ ነው። መንገዱ የተነጠፈው ወደ ሰማያዊ በሚያደላ ድንጋይ ነው፣ ዝናብ ሲነካው ሰማያዊነቱ ይበልጥ ይደምቃል። ጠዋት በማለዳ ግቡ። የመዝናኛ መርከቦቹ ተሳፋሪ ሲያራግፉ መንገዱ ይጨናነቃል። በቀዩ የከተማ በር ወጥታችሁ በግንቡ ሥር ባለው መንገድ ሂዱ። በአንድ በኩል ባህር፣ በሌላ በኩል ሽቅብ የሚያሳይ ግንብ ነው። እኛ ስንሄድ ድመቶች በየድንጋዩ ተኝተው ነበር። በጎ ፈቃደኞች ያበሏቸው፣ ያሳክሟቸው ነበር። ይህ ሁሉ ምንም አይከፈልበትም።

የኤል ሞሮ ምሽግ ፊት ለፊት ሰፊ ሣር አለ። ቅዳሜና እሁድ ቤተሰብ ሁሉ ካይት ይዞ ይመጣል። ነፋሱ ከባህሩ ሳያቋርጥ ስለሚመጣ ካይቱ ያለ ብዙ ሩጫ ይነሳል። ሣሩ ላይ መቀመጥ ነፃ ነው። ምሽጉ ውስጥ መግባት ግን 10 ዶላር ነው፣ ዕድሜው እስከ 15 የሆነ ልጅ አይከፍልም። እኛ ከፍለን ገባን፣ አያስቆጭም። ያው ትኬት በ24 ሰዓት ውስጥ ሳን ክሪስቶባል የሚባለውን ሌላውን ምሽግም ያስገባል። ስፔኖች ኤል ሞሮን መገንባት የጀመሩት በ1539 ነው። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ድሬክ በ1595 መጥቶ ከዚህ ነው ተመትቶ የተመለሰው። ከላይኛው ደርብ ቁልቁል ስታዩ ለምን እንዳልቻለ ይገባችኋል። ወደቡ ለመግባት የሚሻ መርከብ ሁሉ በመድፎቹ አፍ ሥር ነው የሚያልፈው።

ማታ ደግሞ ላ ፕላሲታ። ቀን ላይ የሳንቱርሴ ገበያ ነው፤ ማንጎ፣ አቮካዶ፣ የስር አትክልት ይሸጥበታል። ከሐሙስ ጀምሮ ሲመሽ ዙሪያው በሙሉ የሳልሳ መጨፈሪያ ይሆናል። የሚጨፈረው መንገዱ ላይ ስለሆነ መግቢያ የሚባል ነገር የለም።

ከዚህ ሁሉ ግን ልቤን የወሰደው ቦምባ የሚባለው የከበሮ ጭፈራ ነው። ከአየር ማረፊያው ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ፒኞኔስ፣ ቀጥሎም ሎይሳ አለ። እዚያ የሚኖረው በብዛት በባርነት የመጡ አፍሪካውያን ልጅ ነው። በደሴቲቱ ባርነት የተሻረው በ1873 ነው። ቦምባ ያን ዘመን ተሻግሮ የመጣ ጭፈራ ነው። ከበሮዎቹ ድሮ ሩም ከሚባለው መጠጥ በርሜል ነበር የሚሠሩት። እኛ አገር ጨፋሪው ምቱን ይከተላል። እዚህ ተገልብጧል። ጨፋሪዋ መጀመሪያ ወደ ከበሮዎቹ ቀርባ እጅ ትነሳለች። ከዚያ ቀሚሷን ይዛ አንድ ነገር ታደርጋለች፤ ትከሻዋን ትሰብቃለች ወይም ቀሚሷን ድንገት ታወናጭፋለች። መሪው ከበሮ መቺ ያንን እንቅስቃሴ በዚያው ቅጽበት በድምፅ መመለስ አለበት። ሌሎቹ ከበሮዎች ምቱን ሳይለቁ ይይዛሉ። ያየናት ሴትዮ ፀጉሯ የሸበተ፣ የስልሳዎቹ ዕድሜ ላይ ያለች ነበረች። ቀስ እያለች ጀምራ መቺውን እያታለለችው ሄደች። እንቀሳቀሳለሁ ብላ ትቆማለች፣ ቆማ ሳለ ትከሻዋ ብቻ ይመታል። መቺው ዓይኑን ከእሷ ላይ አላነሳም። ሰዉ በጭብጨባ አገዛት። ትከሻዋን ሳይ እኔም ጉሮሮዬን እንቅ አደረገኝና እልል አልኩ። ዞር ብላ ፈገግ አለችልኝ። ስፓኒሽ አልችልም፣ በዚያች ሰዓት ግን ምንም አላስፈለገኝም።

ፒኞኔስ ለመሄድ የከተማ አውቶቡስ አለ። ርካሽ ነው፣ ያስጠብቃል። ትዕግሥት ከሌላችሁ በታክሲ ተካፈሉ።

መኪና የተከራየነው ለኤል ዩንኬ ስንል ብቻ ነው። በአሜሪካ የብሔራዊ ደኖች ሥርዓት ውስጥ ያለ ብቸኛው ሞቃታማ የዝናብ ደን ነው። ወደ ደኑ መግቢያ አይከፈልም። ዮካሁ ወደሚባለው ማማ ወጥታችሁ እስከ ባህሩ ድረስ ማየት ትችላላችሁ። ጫማችሁ የማያንሸራትት ይሁን። ኮኪ የምትባለው ደቃቃ እንቁራሪት ድምፅ ሲመሽ ደኑን ሁሉ ይሞላዋል። እዚያ ድረስ ባትሄዱም ሳን ሁዋን ውስጥ ዛፍ ባለበት ሁሉ ትሰሟታላችሁ።

ኩሌብራ የምትባለው ትንሽ ደሴት ላይ ፍላሜንኮ የሚባል ዝነኛ ባህር ዳርቻ አለ። ጀልባው የሚነሳው ከሴይባ ሲሆን በጥቂት ዶላር ያደርሳል። ሴይባ ድረስ መሄጃው ዋጋ ነው ከጀልባው የሚበልጠው፣ ትኬቱም አስቀድሞ ካልተገዛ ያልቃል። አሸዋው ላይ የአሜሪካ ባህር ኃይል ትቷቸው የሄደው ታንኮች ዝገው ቆመዋል። ደሴቲቱን የተኩስ መለማመጃ አድርጓት ነበር፣ ሕዝቡ ታግሎ በ1975 አስለቀቀው። ልጆች በቀለም ያሸበረቁት ታንክ ላይ ሲንጠላጠሉ አየሁ። አቅሙ ካላችሁ ይህን አትለፉት።

ስለ ምግብ አንድ ነገር ልበል፣ በተለይ ለጾመኞች። ሰፈር ውስጥ ያሉት ካፌቴሪያዎች ሩዝና ቀይ ባቄላ በርካሽ ይሸጣሉ። ባቄላው ግን ብዙ ጊዜ በአሳማ ሥጋ ነው የሚሠራው። ሥጋ አለው ወይ ብላችሁ ብቻ አትለፉ፣ «ሃሞን» (የአሳማ ሥጋ) አለበት ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ቶስቶኔስ የሚባለው የተጠበሰ ጥሬ ፕላንቴን (ሙዝ መሰል ፍሬ) በነጭ ሽንኩርት ማባያ ይጣፍጣል። ከኮኮናት ወተት የሚሠራው ተምብሌኬ የሚባለው ጣፋጭም ወተትም እንቁላልም የለውም።

ቡናው ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ከእኛ ተራሮች የወጣው ዘር ብዙ አገር ዞሮ እዚህ የደረሰው በ1736 ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የደሴቲቱ ዋና የወጪ ንግድ ሆኖ ነበር። በሴፕቴምበር 2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ አብዛኛውን የቡና ዛፍ ጣለው። ገበሬው እንደገና ተክሎ ነው አሁን የምንጠጣው። ዳቦ ቤት ገብታችሁ «ፑያ» በሉ፣ ያለ ስኳር ጥቁሩን ይሰጧችኋል። እኔ በየጠዋቱ ለዚህ ስከፍል ደስ እያለኝ ነው። የቡናው ከረጢት ላይ ያውኮ ወይም አድሁንታስ የሚል ካያችሁ፣ ቡና የሚበቅልባቸው የተራራ ከተሞች ስም ነው።

ስትመለሱ ሻንጣችሁ አየር ማረፊያው ላይ በግብርና ተቆጣጣሪዎች ማሽን ውስጥ ያልፋል። ማንጎ አያስወጡም፣ ስለዚህ እዚያው ብሉት። የተቆላ ቡና ግን ያልፋል። ከአየር ማረፊያው ሱቅ ሳይሆን ከሰፈር ሱፐርማርኬት ግዙት፣ ዋጋው በጣም ይለያል።