ዛሬ ላብራቶሪ ውስጥ ያጋጠመኝ
ዛሬ ከሰዓት አንድ የደም ናሙና ማሽኑ ላይ ፖታሺየም (ደም ውስጥ ያለ ማዕድን ነው) 8.9 ብሎ ወጣ። ኖርማሉ ከ3.5 እስከ 5 አካባቢ ነው፣ ይሄ ማለት ልብ ሊያቆም የሚችል ቁጥር ነው፣ ደነገጥኩ። ስልኩን አንስቼ ልደውል ስል ካልሲየሙን አየሁት፣ በጣም ወርዷል። ሁለቱ አብረው ሲመጡ እኛ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ደሙ የተቀዳበትን ቲዩብ ነው፣ ምክንያቱም ሐምራዊ ክዳን ያለው ቲዩብ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚደረገው ኢዲቲኤ ራሱ ፖታሺየም አለው ካልሲየሙን ደግሞ ይይዘዋል፣ ትንሽ ወደ ሌላ ቲዩብ ከገባ ውጤቱን ያበላሸዋል። በሽተኛው የተኛበት ዋርድ ደውዬ ነርሷን ስጠይቃት «ደሙ አንሶኝ ከሐምራዊው ጨመርኩበት» አለችኝ፣ እውነቱን ስለነገረችኝ እግዜር ይስጣት። እንደገና ተቀድቶ መጣ፣ 4.2።

የመጀመሪያውን ዝም ብዬ ልኬው ቢሆን ኖሮስ? ፖታሺየም ለማውረድ ኢንሱሊን ሊሰጡት ይችሉ ነበር፣ ደህና የነበረው ሰውዬ ፖታሺየሙ ከልክ በታች ይወርድና እሱም የልብ ምትን ያዛባል። ላብራቶሪ ማለት ማሽን ላይ በተን መጫን የሚመስላቸው ሰዎች ስላሉ ነው ይሄን የምጽፈው፣ በጣም ስለሚያመኝ።

ሰውዬውን አላውቀውም፣ የማውቀው የናሙና ቁጥሩን ብቻ ነው። ከስራ ስወጣ ግን ስለሱ እያሰብኩ ነበር። ደህና ይደር።