ከአበልቲ ቁልቁለት የተመለሰው ሚኒባስ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር። ከጅማ አዲስ አበባ የሚመላለስ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ወደምሠራበት ጋራዥ መጥቶ፣ ከአበልቲ ወደ ጊቤ ድልድይ በሚወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እንደከዳው ነገረን። ፔዳሉ ሲረገጥ እስከ ወለሉ ወርዷል፤ ደጋግሞ ቢረግጠውም ያው ነበር። ማርሹን ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያም ወደ አንደኛ አውርዶ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየሳበ መኪናውን ወደ ተራራው ጥግ አስጠግቶ አቆመው። የእጅ ፍሬኑ የኋላ ጎማዎችን የሚይዘው በዘይት ሳይሆን በሽቦ ገመድ መሆኑ ነው ያተረፋቸው። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ፔዳሉን ሲሞክረው እንደ ወትሮው ጠንካራ ሆኖ ስላገኘው፣ ተሳፋሪዎቹን ሌላ መኪና ላይ አሳፍሮ በዝግታ ወደ ጅማ ተመለሰ።

የዚህን መኪና የፊት ፍሬን ሸራዎች፣ ማለትም ዲስኩን ጨብጠው ጎማውን የሚያቆሙትን፣ ከጥቂት ሳምንታት በፊት የቀየርኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ጎማዎቹን የፈታሁት ልቤ እየመታ ነው። ሸራዎቹ ገና ወፍራም ናቸው፤ ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዙት ጎሚኒዎችም አያፈሱም፤ የዘይቱ ዕቃም ሙሉ ነው። የፔዳሉን ግፊት ወደ ዘይቱ የሚያስተላልፈውን ማስተር ልፈታ ስዘጋጅ ዋናው መካኒካችን፣ “ልጄ፣ መጀመሪያ ከፊት ጎማው ትንሽ ዘይት አውጣና ጠርሙስ ውስጥ ጨምርልኝ” አሉኝ። በቀጭኑ ቱቦ የወረደው ዘይት አዲስ ሲሆን እንዳለው ብሩህ ቢጫ አልነበረም፤ የሦስተኛ ቡና መልክ ያለው፣ ከሥሩ ደቃቅ አተላ የሚዘቅጥ ነበር።

የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ እንደ ጅማ ዝናብ በሚበዛበት አገር ደግሞ የሚስበው እርጥበት አይጠፋም። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መፍላት የለበትም፤ 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ከገባበት በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ረጅም ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ሲወረድ የዲስኩና የሸራው ግለት በፒስተኑ በኩል ወደ ዘይቱ ያልፋል። ፈሳሽ ስለማይጨመቅ የእግርን ግፊት እንዳለ ወደ ጎማው ያደርሳል፤ ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ከፈጠረ ግን እንፋሎት ይጨመቃልና ፔዳሉ ባዶውን ይወርዳል። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። እኛ ጋ የደረሰው መኪና ጤነኛ መስሎ የታየን በዚህ ምክንያት ነው።

ያን ጊዜ ሸራውን ስቀይር አሮጌውን ዘይት አላወጣሁም፤ የጎደለውን የሞላሁትም ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ክዳኑ ላልቶ መደርደሪያ ላይ ከቆየ ቆርቆሮ ነው። ይህን ለዋናው መካኒክ ስነግራቸው አልተቆጡኝም፤ ቆርቆሮውን አንሥተው ለብቻው አስቀመጡት፤ ከዚያም ከዶት 3 በበለጠ ግለት የሚፈላውን፣ ያልተከፈተ የዶት 4 ዘይት እንዳመጣ ላኩኝ።

ሥራው ከሰዓት በኋላውን ፈጀ። ከማስተሩ በጣም ከሚርቀው የኋላ ጎማ ጀምረን፣ አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ሲይዝ ሌላው የማስተንፈሻውን ቡሎን እየከፈተና ፔዳሉ ከመለቀቁ በፊት እየዘጋ፣ ከየጎማው ጥርት ያለ አረፋ የሌለው ዘይት እስኪወርድ ድረስ አሮጌውን አስወጣን። የላይኛው ዕቃ እንዳይጎድልና አየር እንዳይስብ በየመሐሉ መሙላት ነበረብኝ። በመኪናው ቀለም ላይ የፈሰሰች ጠብታ እንኳ ቀለም ታነሣለችና ወዲያው በውሃ አጠብኩ።

ሹፌሩ ቆሞ ያይ ነበር። “ሸራውን ስትቀይር ይህን ለምን አልቀየርከውም?” አለኝ። መቀየር እንደነበረብኝ፣ የሞላሁትም ዘይት እርጥበት የገባበት እንደነበር ሳልደብቅ ነገርኩት፤ ከሁለት ዓመት በላይ ሳይቀየር እንዳይቆይ፣ ቁልቁለትም ሲወርድ ገና ከአናቱ ማርሽ እንዲቀንስ አስረዳሁት። ጠርሙሱን ከእጄ ተቀብሎ ወደ ብርሃን አነሣውና ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። “አሥራ ሁለት ሰው ነበር የጫንኩት” አለኝ።