መጀመሪያ ካቡ

ደቡብ ጎንደርን በሳተላይት ምስል ላየ ሰው አገሩ ሁሉ ማሳ ነው፤ እዚህም እዚያም ትንንሽ አረንጓዴ ክቦች ይታያሉ፣ በየክቡ መሃል ቤተ ክርስቲያን አለ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 ባጠናቀቁት ጥናት በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። እሳቸውና አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ትሪ ፋውንዴሽን በተባለ የደን ጥበቃ ድርጅት በኩል ገንዘብ ሲያሰባስቡ ያተኮሩት ደኑን የሚያጥር የድንጋይ ካብ ላይ ነው። ትክክል ነበሩ።

ሽማግሌው ጥድና ወይራ አሁንም ቆሟል፤ የጠፋው ተተኪው ነው። ከብት ቡቃያውን ይበላል፣ የተረፈውን ይረግጣል። የብዙዎቹ የደን ዛፎች ዘር ደግሞ አፈር ውስጥ ለዓመታት አይቆይም። እናት ዛፉ ከወደቀ በኋላ ማጠር ሣርና አረም ማብቀል ነው።

ድንጋዩ ከዙሪያው ማሳ ይለቀማል። ለገበሬው ማረሻ የሚሰብርበት ድንጋይ ተነሣለት ማለት ስለሆነ ሳይለመን ይሸከማል። የለጋሹ ገንዘብ ለካብ አዋቂው የቀን ክፍያና ለበሩ ይዋል።

ጭቃ የሌለው ካብ መሠረቱ ላይ አይቀለድበትም። ልሙ አፈር ተጠርጎ ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ይቆፈራል። ትልልቁ ድንጋይ ከታች ሆኖ ሁለቱ ፊቶች ወደ ላይ እየጠበቡ ይሄዳሉ፤ መሃሉ በጠጠር ይሞላል። ረጃጅም ድንጋዮች በየመሃሉ አግድም ገብተው ሁለቱን ፊት ካላሰሩ ካቡ በክረምት ሆዱን ነፍቶ ይናዳል። የጎርፍ ማሳለፊያ ያልተተወለትም ዕጣው ያው ነው።

የባሰው ስሕተት ካቡን ዛፎቹ ግርጌ ድረስ ማስጠጋት ነው። ሥሩ ይገፋዋል፣ ደኑም መስፋፊያ ያጣል። ጥቂት ሜትር ወደ ውጭ ይውጣ። ያ መሬት ግን የሰው ማሳ ወይም ግጦሽ ነው፤ ከሰበካ ጉባኤውና ከባለማሳዎቹ ጋር ወሰኑ ሳይለይ ቁፋሮ መጀመር ጠብ መጫር ነው። በሩ ታቦትና ቃሬዛ በሰፊው ያሳልፍ፣ ግን ይዘጋ። ለንግሥ የሚመጡ በቅሎዎች ማሰሪያ ከውጭ ይዘጋጅላቸው፤ ውስጥ ከታሰሩ የዓመቱን ቡቃያ በአንድ ቀን ይጨርሱታል።

ባሕር ዛፍን ካብ አያግደውም። ደብሩ ለገቢ ብሎ ራሱ ይተክለዋልና በስብከት አይነቀልም፤ ሌላ ገቢ፣ ለምሳሌ የንብ ቀፎ፣ ቀድሞ መምጣት አለበት።

ለትምህርት የተመደበው በጀት ብዙ ጊዜ በቲሸርትና በባነር ያልቃል። ገመድና ችካል ይበቃ ነበር። ተማሪዎች ከካቡ ውስጥ 10፣ ከውጭ 10 መደብ (የቆጠራ ቦታ)፣ እያንዳንዱን 1 ሜትር በ1 ሜትር፣ ይለኩ። ዝናቡ ሲያባራ፣ ጥቅምት ላይ፣ ቡቃያውን በየዓይነቱ ይቁጠሩ። ግንቦት ላይ ይደግሙት፤ በክረምት የበቀለው አብዛኛው በበጋ ስለሚሞት የአንድ ጊዜ ቆጠራ ያሳስታል። ለለጋሹም ከፎቶ የተሻለ ሪፖርት ይወጣዋል። ችካሉ እንጨት ከሆነ ምስጥ ይበላውና በዓመቱ መደቡ አይገኝም፤ በአራቱም ማዕዘን ድንጋይ ይቀበር።