ሻሞኒ ዋልኩ

ፈረንሳይ፣ ሞንብላን ተራራ ሥር ያለችው ከተማ። ድሮ የእረኞችና የገበሬዎች ሸለቆ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1786 ዣክ ባልማና ሐኪሙ ሚሼል ፓካር ለመጀመሪያ ጊዜ የተራራው ጫፍ ላይ ወጡ። ከዚያ በኋላ ገበሬው ቀስ በቀስ ተራራ ለሚወጡ እንግዶች መንገድ መሪ ሆነ። በ1924 ደግሞ የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒክ እዚሁ ተካሄደ።

እኔን የያዘኝ ግን ሜር ደ ግላስ የሚባለው ግግር በረዶ ነው። በባቡር ወጥተን ወደ በረዶው ቁልቁል ወረድን። መንገዱ ዳር በረዶው በተለያዩ ዓመታት የደረሰበትን ከፍታ የሚያሳዩ ምልክቶች አሉ። 1990 የሚለውን አልፌም ገና ብዙ ወረድኩ። እውነት ለመናገር ሆዴ ባባ። ከተማዋን ለዓለም ያስተዋወቃት እኮ ይኸው በረዶ ነው! አሁን ብዙ ሰው የሚመጣው ሳያልቅ ልየው ብሎ ነው፤ እኔም እንደዚያው። ልጆች ያላችሁ፣ ከቻላችሁ ይዛችኋቸው ሂዱ።