የወንጂ ልጅ ስኳር ስትቀንስ

የተወለድኩት ወንጂ ነው። የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ያቋቋመው ፋብሪካ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ሲሆን አባቴም በጡረታ የተሰናበተው ከዚያው ነው። ከማሳው ዳር የምንመጠው ሸንኮራ፣ እዚያው ወንጂ ይመረት የነበረው ደስታ ከረሜላ፣ ጠዋትና ማታ የሚፈላው ሻይ፤ ያደግነው በዚህ ነው። አሁን አዳማ ተቀምጬ «ስኳር ቀንሻለሁ» ስል ዘመዶቼ እንደ ክህደት ቢቆጥሩት አልፈርድባቸውም።

ሐኪም አላዘዘኝም። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ያስደነገጠኝ ቁጥር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ወደ ምግብና መጠጥ የሚጨመረው ስኳር በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ በታች እንዲወርድ ይመክራል። ማርና የፍራፍሬ ጭማቂም እዚሁ ውስጥ ይቆጠራሉ። ዝቅተኛው ልክ ለአንድ አዋቂ ወደ 25 ግራም ነው፤ ስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ። የቢሮዬን ሻይ ደመርኩት፦ በብርጭቆ ሦስት ማንኪያ፣ በቀን አራት ብርጭቆ። ምሳ ላይ የምትከፈተው ለስላሳ ገና አልገባችም። ኮላ በ100 ሚሊ ሊትር ወደ 10 ግራም ስኳር ይይዛል፤ በአዳማ ሙቀት ደግሞ ጠርሙስ አጋምሶ የሚያስቀምጥ ሰው አላየሁም።

ለስላሳውን መተው አልከበደኝም፤ ቀዝቃዛ አምቦ ውሃ ላይ ሎሚ ጨምቄ እጠጣለሁ። ያስቸገረኝ ሻዩ ነው። ባዶውን ልጠጣ ብል ጉሮሮዬ እምቢ አለ። እያደር ግን አንድ ነገር ገባኝ፦ ሻይ ቅጠሉ እሳት ላይ ብዙ ሲቆይ ይመራል፤ የመረረ ሻይ ደግሞ ስኳር ይጠራል። ስለዚህ ቀረፋውን፣ ቅርንፉዱንና ሄሉን አስቀድሜ በደንብ አፈላለሁ፤ ቅጠሉን መጨረሻ ላይ ጨምሬ ወዲያው አወርዳለሁ። እንዲህ የተፈላ ሻይ በግማሽ ማንኪያ ይጠጣል። ከቤት ውጭ ግን ሌላ ጣጣ አለ፤ አንዳንድ ሻይ ቤት ስኳሩ ፔርሙዝ ውስጥ ተበጥብጦ ይቆያል። ፍራንኮ አካባቢ ያለችው ደንበኛዬ አሁን ስታየኝ «ያንቺ ለብቻው ነው» ትለኛለች፤ እግዚአብሔር ይስጣት።

ጁስ ቤት ደግሞ ሌላ ነው። አቮካዶ ራሱ ስኳር የለውም ማለት ይቻላል፤ የሚጣፍጠው መፍጫው ውስጥ በሚገባው ስኳርና ከላይ በሚፈሰው ቪምቶ ነው። «ስኳር አትጨምርበት» ካልኩት በኋላ እንኳ ልጁ በሐዘኔታ እያየኝ ትንሽ ጣል ያደርጋል። አሁን ጁስ መጠጣቱን ትቼ ፓፓዬ በሎሚ እበላለሁ። ፍሬው ከነአሠሩ ሲበላ ሆድ ይሞላል፤ ተፈጭቶ ሲጠጣ ግን የሦስት ሰው ድርሻ ሳይታወቅ ይወርዳል።

የምጾም ሰው ነኝ፤ በጾም ወራት ስኳር እንደሚበዛብኝ የተረዳሁትም ቆይቶ ነው። ወተትና እንቁላል ሲቀር ቦታውን የሚይዘው ፓስቲ፣ ቦንቦሊኖና ጣፋጭ ሻይ ነው። «የጾም» ተብሎ የተጻፈበትን ብስኩት ጀርባውን አዙሬ አነበብኩ። እሽግ ምግብ ላይ ግብዓቶች የሚደረደሩት በክብደታቸው ቅደም ተከተል ነው፤ ስኳር ከዱቄቱ ቀጥሎ ሁለተኛ ተቀምጧል፣ ዝቅ ብሎም ግሉኮስ ሽሮፕ የሚባል ሌላ ፈሳሽ ስኳር አለ። ከዚያ ወዲህ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ካላነበብኩ አልገዛም። ባለሱቁ ምን እንደሚያስብ እንጃ።

«ነጩን ተይና ቀዩን ተጠቀሚ» የሚሉኝ አሉ። ቀዩ ስኳር ሞላሰስ የሚባለው ጥቁር የሸንኮራ ዝቃጭ ስለቀረበት ነው የቀላው፤ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ልዩነታቸው ከቁም ነገር የሚጣፍ አይደለም። ማርም ቢሆን ለእኔ ከስኳር ጋር አንድ ዓምድ ውስጥ ነው የሚመዘገበው፣ የጠጅ ወዳጆች ይቅር ይበሉኝና።

የቀረው የሰው ቤት ነው። ወንጂ አክስቴ ዘንድ ቡና ስንጠጣ ሁለተኛውን ማንኪያ በእጄ ከለከልኩ። ጀበናውን አስቀምጣ «ምነው ልጄ፣ ስኳር ያዘሽ እንዴ?» አለችኝ። የለም ብላት አላመነችም፤ ማታ እናቴ ጋር ደውላ ደብቃኛለች ብላ አልቅሳለች። እናቴም በበኩሏ ደወለችልኝ። ከዚያ በኋላ ሕጌን አሻሻልኩ፦ ሰው ቤት የተቀዳልኝን እጠጣለሁ። ወር ጠብቆ የሚመጣ የአክስት ሲኒ አይደለም የሚጎዳኝ፤ በየቀኑ ሳላስበው የምጨልጠው ነው። ማኅበር ላይም፣ ለቅሶ ቤትም «ይሄ አይሆነኝም» እያሉ አስተናጋጅ ማስጨነቅ አልወድም።

ልጄ ግን አልተስማማም። ምሳ ዕቃው ውስጥ ከብስኩት ይልቅ ቆሎና ኦቾሎኒ እከትለታለሁ፤ ባዶውን ስለሚመልስ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰሞኑን ሳጥብ ከክዳኑ ሥር የክሬም ብስኩት ልጣጭ አገኘሁ። ስጠይቀው ሳያፍር ነገረኝ፦ አንድ እፍኝ ቆሎ በሁለት ብስኩት ይለውጣል። የክፍሉ ልጆች ቆሎዬን ስለወደዱት ነገ ጨመር አድርጌ እንድቋጥርለት ጠይቆኛል።