«እናቴ እብድ ናት በላቸው»

ሱቄ ውስጥ ስኳር እየመዘንኩ ነበር። ጎረቤቴ እያለከለከች ገባች። «ልጅሽን አየሁት፤ ሲኖ ይዞ ሲጎተት» አለችኝ።

በብስክሌት ነው። ኮዬ ፈጬ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው አስፋልት አሸዋና ጠጠር የጫነ መኪና ሲያልፍ፣ ልጆች በአንድ እጃቸው የኋላውን ብረት ጨብጠው ይጎተታሉ። ፔዳል መምታት የለ፣ ድካም የለ። መኪናው ደግሞ ሰው «ቀይ ሽብር» ብሎ ስም ያወጣለት ነው።

ማታ ሲመጣ የአፌን ሁሉ አወረድኩበት። እሱ አንገቱን ደፍቶ አንድ ነገር ብቻ አለ። «አውቃለሁ እማ።»

ይበልጥ ያበገነኝ ይሄ ነው። ካወቅህ ታዲያ ለምን? 15 ዓመቱ ነው፣ ሕፃን አይደለም። ስልኩን ቀማሁት። አጎቱን ጠርቼ አስመከርኩት። «ልብ ግዛ!» እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ ጮህኩ። በሳምንቱ ጉልበቱ ተልጦ መጣ።

የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂ ትማራለች። ለበዓል መጥታ የዶሮ ሽንኩርት እየከተፍን ሳማርራት፣ «አክስቴ፣ እውነቱን እኮ ነው። ያውቃል» አለች። ከዚያ አንድ ጥናት ነገረችኝ። እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ ጋርድነርና ስታይንበርግ የሚባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን በኮምፒውተር መኪና የመንዳት ጨዋታ አጫወቱ። ቢጫ መብራት ይበራል። ገፋ ባደረጉ ቁጥር ነጥብ ይገኛል፤ በጊዜ ካልቆሙ ግን መላተም አለ። ግማሾቹ ብቻቸውን፣ ግማሾቹ ጓደኞቻቸው አጠገባቸው ቆመው እያዩ ተጫወቱ። 24 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑት ሰው አያቸው አላያቸው ለውጥ የለውም። ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉት ግን ጓደኛ ሲያያቸው ድፍረታቸው እጥፍ ሆነ።

ቢላዬን አስቀመጥኩ። የእኔ ልጅ ብቻውን ሲሆን መኪና ይዞ ያውቃል? ጠየቅኩት በኋላ። አንድም ቀን የለም።

እንደገባኝ ነገሩ እንዲህ ነው። በጉርምስና ጊዜ ደስታና ሽልማትን የሚያሳድደው የአንጎል ክፍል ይግላል፤ ጓደኛ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። «ቆይ እስቲ» የሚለው፣ ግንባራችን ጋ ያለው ክፍል ግን ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው። እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ይወስዳል። እኛ ስንገባ እንደነበረው ኮንዶሚኒየም ማለት ነው። መብራቱ ገብቷል፣ የደረጃው መደገፊያ ገና አልተገጠመም።

ይህን ምሳሌ ለልጄ መንገሬ ትልቅ ስህተት ነበር። በሳምንቱ ሒሳብ ወድቆ መጣና «መደገፊያው አልተገጠመም እኮ» አለኝ። እኔ ራሴ ያቀበልኩት ሰበብ! ደግሞም እውነት አይደለም። ረጋ ባለ ሰዓት፣ የሚያጣድፈው ሰው ከሌለ፣ የ16 ዓመት ልጅ አስቦ መመዘን ላይ ከትልቅ ሰው ብዙም አያንስም። የሱቄን የዱቤ ደብተር ቁጭ ብሎ ሲያየው ሁለት ቦታ የተሳሳትኩትን ያገኘው እሱ ነው። ችግሩ የዱቤ ደብተሩ ላይ አይደለም፤ አስፋልቱ ላይ ነው።

ስለዚህ የምናገርበትን ሰዓት ቀየርኩ። ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው፣ እሱም ሌሊት። አራተኛ ፎቅ ስለማይደርስ ታች ቀድተን በጀሪካን እናወጣለን። ጀሪካኑ እስኪሞላ ጨለማ ውስጥ ጎን ለጎን እንቆማለን፤ ፊት ለፊት አንተያይም። ልጄ ያኔ ያወራል። አንድ ሌሊት «ና ያዝ ሲሉህ ምን ይሰማሃል?» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ «ያኔ አላስብም እማ። ከያዝኩ በኋላ ነው የማስበው» አለ።

ያኔ ካላሰበ፣ አስቀድሞ ማሰብ አለበት ማለት ነው። ምን ብሎ እንደሚያመልጥ አብረን ፈለግን። እኔ ያመጣሁትን ሁሉ ሳቀበት። «'አደገኛ ነው' ብላቸው ይጨርሱኛል» አለ። ፈሪ ከመባል መኪናው ይሻለዋል። በመጨረሻ ራሱ አገኘው። «እናቴ እብድ ናት። ብስክሌቱን ትሸጠዋለች።»

አልወደድኩትም፣ አልዋሽም። ሰፈር ውስጥ ሱቅ ያላት ሴት እብድ ስትባል ደስ አይልም። ግን ፈሪው እሱ አይሆንም፣ እብዷ እኔ ነኝ። «በላቸው» አልኩት።

የእንቅልፉ ነገር ግን እስካሁን አልተሳካልኝም። ትምህርት ቤቱ ድሮ በነበርንበት መሀል ከተማ ነው። ሰርቪሱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ይመጣል። በጉርምስና ደግሞ እንቅልፍ የሚያመጣው ሜላቶኒን የሚባለው ሆርሞን አምሽቶ ነው የሚመጣው። ተኛ ብለው ቢጮሁበትም ዓይኑ አይከደንም። በዚህ ዕድሜ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያህል መተኛት ያስፈልጋል ይባላል፤ የእኔ ልጅ 6 ሰዓት ካገኘ ዕድለኛ ነው። ያልተኛ ልጅ ደግሞ ይነጫነጫል፣ ይቸኩላል። ቅዳሜ እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ሲተኛ «ሰነፍ» እለው ነበር፤ ያንን ትቻለሁ። ውሃም ሁልጊዜ አላስቀዳውም፣ አርብ ሌሊት ብቻ። ስልኩ ማታ ሳሎን ይደር ብዬ ሞክሬ ነበር። ሦስት ቀን ቆየ። አራተኛው ቀን ትራሱ ሥር አገኘሁት።

ባለፈው ሳምንት ከሱቁ በር ላይ አየኋቸው። አምስት ሆነው ብስክሌታቸውን ደግፈው ቆመዋል። አሸዋ የጫነ መኪና ዳገቱን እያቃሰተ መጣ። ሁለቱ ተነሱ። የእኔው እጁን እያወራጨ አንድ ነገር አላቸው፤ ሁሉም ሳቁ። ከዚያ በውስጥ መንገድ ታጠፈ። አንደኛው ልጅም ተከተለው።

አርብ ሌሊት ውሃው ጋ «ምን አልካቸው?» አልኩት።

«ብሶባታል አልኳቸው» አለና ጀሪካኑን አንስቶ ደረጃውን ወጣ።