በአንድ ጎማ የታገደው ደሞዝ

ኮምቦልቻ አንድ የጭነት ድርጅት ፋይናንስ ክፍል ስሠራ የሆነ ነው። አንድ ሹፌር ነበር፣ ትልቅ ሰው ነው ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው፣ በሚሌ አርጎ ጅቡቲ ሲመላለስ የኖረ። ቤተሰቡ ደሴ ስለሆነ መንገዱ በቃኝ አለና መልቀቂያ አስገባ፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያውንም ጨርሶ መኪናውን አስረክቦ ወጣ።

ክሊራንስ ላይ ግን፣ ማለትም የድርጅቱን ንብረት መመለሱ በየክፍሉ ሲፈረምለት፣ ስቶር "አንድ ስፔር ጎማ ጎድሏል" ብሎ አልፈርምም አለ። ጋሼ ደግሞ ጎማው በረሃ ላይ ፈንድቶ ነው፣ ወረቀቱንም ለስምሪት ሰጥቻለሁ ይላል። ሥራ አስኪያጁ በቃ ጎማው እስኪጣራ አንድ ብር እንዳይወጣ ብሎ አዘዘ። የወሩ ደሞዝ፣ ያልወሰደው የዓመት እረፍት፣ አበሉ፣ ሁሉም ታገደ። ጋሼ እየመጣ ይጠይቀኛል፣ የለም ስለው "አብሽር ልጄ" ብሎ እሱ እኔን ያጽናናኛል፣ እኔ ግን ስሌቱን የሠራሁት ራሴ ስለሆንኩ ስንት እንዳለው አውቃለሁ፣ የአንድ ጎማ ዋጋ ከዛ ላይ ምንም ማለት አይደለም፣ ሆዴ ነው ያረረው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁን፣ 1156/2011ን፣ አውጥቼ አነበብኩ። አንቀጽ 36 ውል ሲቋረጥ ደሞዝና ሌላው ክፍያ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ይከፈል ይላል፣ ሠራተኛው የድርጅቱን ንብረት በራሱ ጥፋት ሳይመልስ ከቆየ ግን ጊዜው ሊራዘም ይችላል። አለቃዬ እዚች ላይ ነው ሙጭጭ ያለው። ቀጥሎ ያለው 37 ግን ሂሳቡ ላይ ክርክር ካለ አሠሪው ያመነውን ያህል በዛው ጊዜ ይክፈል ነው የሚለው። እኛ ጋ ክርክሩ ጎማው ላይ ብቻ ነው፣ የሠራበትን ደሞዝ ማንም አልካደም! ባለጉዳዮች ይቺን አንቀጽ ስለማያውቋት ነው ክሊራንስ ሲባሉ ዝም ብለው የሚመለሱት፣ በጣም ያናድደኛል። 38 ላይ ደግሞ ክፍያውን ያዘገየ አሠሪ፣ ከአቅሙ በላይ የሆነ ምክንያት ከሌለው፣ ለዘገየበት ጊዜ እስከ 3 ወር ደሞዝ እንዲከፍል ሊወሰንበት ይችላል።

ፕሪንት አርጌ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት። ጋሼንም በቃል መመላለሱን ተወውና በጽሑፍ ጠይቅ፣ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርገህ ኮፒው ላይ ማህተም አስመታ አልኩት። የሥራ ልምዱንም እዛው ላይ እንዲጠይቅ ነገርኩት፣ እሱን አሠሪው ሲጠየቅ በነጻ የመስጠት ግዴታ አለበት።

አለቃዬ መጀመሪያ ተቆጣ፣ አንተ የማን ሠራተኛ ነህ ሁሉ አለኝ። ከዛ ጠበቃውን ሲጠይቅ ጠበቃውም ያንኑ አለው መሰለኝ የጎማው ዋጋ ብቻ ተይዞ ሌላው ይከፈል ተባለ፣ እኔው ነኝ ቼኩን ያዘጋጀሁት።

የጎማውን ብር ግን ጋሼ አልተወውም። ሥራ ከለቀቁ በኋላ ክፍያ የሚጠየቀው በ6 ወር ውስጥ ነው፣ ካለፈ ይርጋ ያግደዋል፣ ማለትም የመክሰሻው ጊዜ አልፏል ይባላል፣ እሱም ጊዜው ሳያልፍበት ማህተም ያለበትን ኮፒ ይዞ ፍርድ ቤት ክስ ከፈተ፣ ክርክሩ ገና አላለቀም።